ከሰርቪስ በኋላ የሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬን ለምን ያስቸግራል?

ለሞተር አሽከርካሪዎችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ጠባብ ነው። ሞተሩ ሰርቪስ ይገባል፤ ሸራው (ዲስኩን ተጭኖ ጎማውን የሚያቆመው ክፍል) ይቀየራል፣ የፍሬን ዘይቱ ይለወጣል፣ ወይም ለጎማ ጥገና የኋላ ጎማው ይፈታል። ሲወጣ፣ ጠዋት ደህና ይይዝ የነበረው የኋላ ፍሬን ወይ አይዝም ይላል፣ ወይ ይዞ አልለቅም ይላል። ይህን ነው የምንፈታው። ቦክሰርና መሰሎቹን ለዛሬ እንተዋቸው፤ የኋላ ፍሬናቸው ከበሮ ስለሆነ የሚሠራው በዘንግ ነው። የምናወራው ኋላቸው ዲስክ ስለሆነ፣ በዘይት ስለሚሠሩት ነው፤ እንደ ፐልሳር ኤንኤስ 200፣ የኋላ ዲስክ እንዳላቸው የአፓቼ ዓይነቶች፣ እንደ ከፍተኞቹ የጃፓንና የአውሮፓ ሞተሮች።

ከሰርቪስ በፊት ይሠራ የነበረ ፍሬን ከሰርቪስ በኋላ ካልሠራ፣ ጥፋቱን ፈልጉ ቢሏችሁ መጀመሪያ የምትሄዱት በዚያ ቀን እጅ ወደነካው ቦታ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ምን ተፈታ? ቱቦው ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲጫን ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ወይም ከካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ከሚጫነው ክፍል) ተነቅሎ ነበር? የፔዳሉ ከፍታ ተነክቷል? ጎማው ወጥቶ ነበር? ዘይቱ ከየትኛው ጠርሙስ ተቀዳ? ሞተሩ በግፊት ውሃ ታጥቧል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኝ «ማስተሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» የሚል ሰው የደንበኛውን ገንዘብ እያቃጠለ ነው። ማስተር ከተገዛ በኋላም ችግሩ እዚያው የተቀመጠባቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ችግሩ ማስተሩ ውስጥ አልነበረም።

አሁን ጥቂት ቁጥር እንያዝ፤ ኋላ ላይ ስለሚጠቅመን። በብዙ ማስተሮች ገላ ላይ 1/2 ወይም 14 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ። የውስጥ ፒስተኑ ወርድ ነው፤ ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነው። ይህ ፒስተን 10 ሚሊሜትር ቢገፋ የሚልከው ዘይት 1.27 ሚሊሊትር ነው፤ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል። ካሊፐሩ ላይ ያለው ፒስተን 34 ሚሊሜትር ወርድ አለው እንበል። በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለውን ክፍተት ለመዝጋት 0.3 ሚሊሜትር ቢንቀሳቀስ የሚፈልገው ዘይት 0.27 ሚሊሊትር ነው። የሚሠራው ሥራ በሙሉ በጠብታ የሚቆጠር ነው ማለት ነው። ቱቦው ውስጥ ግማሽ ሚሊሊትር አየር፣ አሥር ጠብታ የሚሆን አየር ቢቀር፣ እግር ሲጫን ያ አየር ተጨምቆ ወደ ምንም ይጠጋል፤ እሱን ለመጭመቅ ብቻ ማስተሩ 4 ሚሊሜትር ያባክናል። ፔዳሉ አራት እጥፍ የሚያበዛ ከሆነ በእግር ላይ 16 ሚሊሜትር ባዶ መንገድ ነው። አሥር ጠብታ! ለዚህ ነው «ትንሽ አየር ብትቀር ምንም አይደል» የሚባለው አነጋገር ለኋላ ፍሬን የማይሠራው።

እንግዲህ ፔዳሉን በእጅ ጫኑት። አዎ፣ በእጅ፤ የእግር ጫማ የማይሰማውን መዳፍ ይሰማል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነና ደጋግማችሁ ስትመቱት ከፍ እያለ ከመጣ አየር አለ። ጠንካራ ሆኖ ከቆመ በኋላ፣ ጫናችሁን ሳትቀንሱ ቀስ እያለ ከሰመጠ ወይ ዘይት ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወይ በማስተሩ ውስጥ በጎሚኒው (በጎማ ማሸጊያው) አልፎ ይመለሳል። እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆኖ ሞተሩ ካልቆመ ሸራውንና ዲስኩን ተመልከቱ። ጥሩ ይዞ ካልተመለሰ ደግሞ ያ የራሱ ታሪክ አለው፤ በጣም አደገኛውም እሱ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንሄድበታለን።

በአየሩ እንጀምር። የኋላ ፍሬን ከፊቱ ይልቅ አየር ለማስወጣት ያስቸግራል፤ ይህ የሠራተኛው ድክመት ብቻ አይደለም። የፊት ቱቦ ከእጀታው ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አየሩም በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። የኋላው ቱቦ ግን አጭር ነው፣ ከማስተሩ ተነስቶ የኋላ ጎማውን በያዘው ክንድ ላይ ጋደም ብሎ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ጉብታ ይሠራል። አየር ጉብታው ላይ ይቀመጣል። ዘይቱን ቀስ ብላችሁ ብትገፉት ከሥሩ ያልፋል፤ አየሩ ከቦታው አይነቃነቅም። ሌላው መደበቂያው ቱቦው ከማስተሩ ጋር የሚገናኝበት፣ መሃሉ የተበሳው ባንጆ ብሎን ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ ከመሥመሩ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው ነጥብ ይህ ነው፣ እዚያ ደግሞ ማስወጫ ቪቴ (ሲላላ አየሩን የሚያስወጣ ብሎን) የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ለኋላ ፍሬን ብቻ 100 ሚሊሊትር ያህል አዲስ ዘይት ይበቃል፤ ከዚያ ቀን በፊት ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀሙ። ዘይት መያዣውን ሙሉት። የባንጆ ብሎኑን ዙሪያ በጨርቅ ሸፍኑት፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላልና የነካው ቦታ ላይ ወዲያው ውሃ ይፍሰስበት። ረዳታችሁ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይጫን፣ ይያዝ፤ እናንተ ብሎኑን በሩብ ዙር ላላ አድርጉት። ጭስ የሚመስል አረፋ ይተፋል። ፔዳሉ ሳይለቀቅ መልሳችሁ አጥብቁት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከዚያ ወደ ካሊፐሩ ውረዱ፤ ቪቴው ላይ መጀመሪያ የቀለበት ቁልፍ፣ ብዙውን ጊዜ 8 ቁጥር፣ ቀጥሎ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ግጠሙ፣ የቱቦውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። ይጫን፣ ይያዝ፣ ይከፈት፣ ይዘጋ፣ ከዚያ ብቻ ይለቀቅ። በቅደም ተከተሉ ላይ አንድ ስህተት ብትሠሩ፣ ፔዳሉ ቪቴው ክፍት ሆኖ ቢለቀቅ፣ አየር መልሶ ይጠባል፣ እንደገና መጀመር ነው። መያዣው ውስጥ ያለው ዘይት ከታችኛው መሥመር በታች እንዳይወርድ ሌላ ዓይን ይጠብቀው።

ከዚህ በኋላም አረፋው ማለቂያ ካጣ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ከቪቴው በመርፌ (በሲሪንጅ) ወይም በፓምፕ እየሳባችሁ ከሆነ አረፋው ከመሥመሩ ላይሆን ይችላል፤ በቪቴው ጥርስ በኩል የውጭ አየር እየገባ ነው። ጥርሱ ላይ የፍሬን ግሪስ በስሱ ቀቡት፤ ጫፉና ቀዳዳው ንጹሕ ይሁን። ሁለተኛው የካሊፐሩ አቀማመጥ ነው። የማስወጫ ቪቴው ከፒስተኑ ጉድጓድ ሁሉ በላይ ካልሆነ አየሩ ምን ብትታገሉት አይወጣም። ካሊፐሩን ከነቱቦው ከመያዣው አውርዱት፣ በሸራዎቹ መካከል የዲስኩን ውፍረት የሚያህል እንጨት አስገቡ፣ ቪቴው ሰማይ እንዲያይ አዘንብሉትና ከዚያ አስወጡ። እንጨቱን ግን አትርሱ፤ ያለ እሱ ፔዳል የጫነ ሰው ፒስተኑን መሬት ላይ ያገኘዋል።

ለኋላ ፍሬን የምንመርጠው ዘዴ ሌላ ነው። ዘይቱን ከታች ወደ ላይ መግፋት። 50 ሚሊሊትር መርፌ በንጹሕ ዘይት ሙሉ፣ አየሩን ከመርፌውና ከቱቦው አስወጡ፣ ከካሊፐሩ ቪቴ ጋር አገናኙ፣ ቪቴውን ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ። አየር መውጣት የሚፈልገው ወደ ላይ ነው፣ እናንተም የምትገፉት ወደ ላይ ነው። ዘይት መያዣው እንዳይፈስ ሌላው ሰው በሌላ መርፌ ይምጠጥ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ካሊፐሩ ውስጥ የቆየ ጥቁር ዝቃጭ ካለ ይህ ዘዴ ዝቃጩን ወደ ማስተሩ ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌው ዘይት በታች ይውጣ።

ስለ ዘይት ማፍሰስ። ባንጆ ብሎን ሁለት ሮንዴላ ይፈልጋል፣ አንዱ ከቱቦው በዚህ በኩል፣ አንዱ በዚያ በኩል። አንድ ብቻ ተገጥሞ፣ ወይም አሮጌው ሮንዴላ ላይ አዲስ ተደርቦ የሚመጣ ሞተር አይጠፋም። የአልሙኒየሙ ሮንዴላ አንዴ ከተጨመቀ ይጣል። የመዳቡ ቀይ እስኪሆን ተግሎ ውሃ ውስጥ ከተጨመረ ይለሰልሳል፤ ገበያ ላይ ሲጠፋ ያድናል፣ አዲስ ካለ ግን አዲሱ ይሻላል። ማጥበቂያው በአብዛኛው ከ20 እስከ 35 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሞተራችሁ መመሪያ የሚለውን ያዙ። የማስወጫ ቪቴው ግን ከ5 እስከ 8 ብቻ ነው፣ በጣቶች ቁልፍ ይዞ ማጥበቅ ማለት ነው። በሙሉ ክንድ ያጠበቀው ሰው በሚቀጥለው ሰርቪስ ቪቴውን ቆርጦ ያወጣዋል። ሌላም አለ፤ የጃፓን ሥራ ባንጆ ብሎን ብዙውን ጊዜ 10 በ1.25 ጥርስ ነው (ወርዱ 10፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር)፣ የጣሊያን ሥራው 10 በ1። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሁለት ዙር ይገባና ይከብዳል። ሲከብድ በጉልበት አይቀጠልም፣ ይወጣል፣ ጥርሱ ይለካል።

ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር ከሌለና ፔዳሉ ግን እየሰመጠ ከሆነ ማስተሩን እንጠርጥር። እዚህ ላይ ሰርቪሱ ራሱ ማስተሩን ሊገድለው ይችላል፤ አገዳደሉም ይህ ነው። ፒስተኑ ለዓመታት የተመላለሰው በጉድጓዱ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግድግዳ ዝገትና ደለል ይዟል። አየር ሲወጣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ የጎሚኒው ከንፈር ያንን ሻካራ ቦታ ይፈትገዋል፣ ይቀደዳል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከፔዳሉ ሥር እንጨት አድርጉ፣ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ እንዲሄድ። ማስተሩ በእርግጥ መሞቱን ለማወቅ ደግሞ ቱቦውን ነቅላችሁ በቦታው ያልተበሳ፣ ጥርሱ ልክ የሆነ ብሎን ከሮንዴላ ጋር ግጠሙ፣ አየሩን በብሎኑ በኩል አስወጡና ፔዳሉን ጫኑ። እንደ ድንጋይ ከቆመ ማስተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ከእሱ ወዲያ ነው። ከሰመጠ የማስተሩን የጎሚኒ ስብስብ ቀይሩ። ማንም ሰው በዚህ ሙከራ ሳያልፍ ማስተር እንዲገዛ አንመክርም።

አሁን ወደማይለቀው ፍሬን እንምጣ።

አሽከርካሪው ሲነሳ ምንም አይሰማውም። ሦስት አራት ኪሎሜትር ሲሄድ ሞተሩ የከበደው ይመስለዋል፣ ማርሽ ይቀንሳል። የኋላ መብራቱ ሳይጫን ይበራል፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አለመመለሱን ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ይህ መብራት ነው። ከዚያ ፔዳሉ እየጠነከረና እያጠረ ይሄዳል። ዲስኩ ሰማያዊ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የኋላ ጎማው ይቆልፋል፤ ኮረት ወይም እርጥብ አስፋልት ላይ ከሆነ ይጥላል። ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ራሱን ይለቃል፣ ጋራዥ ሲደርስ «ምንም የለበትም» ይባላል።

የሚሆነውን ልብ በሉ። ማስተሩ ውስጥ ከፒስተኑ ፊት ለፊት፣ ወደ ዘይት መያዣው የሚወጣ አንድ ቀጭን ቀዳዳ አለ፤ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ። መመለሻ ቀዳዳ እንበለው። እግር ሲነሳ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ይህን ቀዳዳ ይከፍተዋል። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፣ የሰፋው በዚህ ቀዳዳ ይወጣል። ፒስተኑ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ሳይመለስ ከቀረ ጎሚኒው ቀዳዳውን እንደሸፈነው ይቀራል። አሁን መሥመሩ የተዘጋ ጠርሙስ ነው። ሸራው ትንሽ ይነካል፣ ይሞቃል፣ ዘይቱ ይሰፋል፣ መውጫ የለውምና ሸራውን ይበልጥ ይገፋል፣ ይበልጥ ይሞቃል። ክቡ ይኸው ነው፤ ከዚህ ወዲያ የአሽከርካሪው እግር አያስፈልገውም፣ ፍሬኑ ራሱን ይጫናል።

ፒስተኑን ከመመለስ የሚያግደው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የፔዳል ከፍታ ያስተካከለው እጅ ነው። ደንበኛው «ፔዳሉ ዝቅ ብሏል» ይላል፣ ሠራተኛው የገፊውን ዘንግ (ፔዳሉ የማስተሩን ፒስተን የሚገፋበትን) ዳዶ ያላላና ያስረዝመዋል። ሁለት ዓይነት አሠራር እንዳለ እወቁ። በአንደኛው ገፊው ዘንግ በማስተሩ አፍ ላይ ባለ ማገጃ ቀለበት ይያዛል፣ የፔዳሉ ሞላ ዘንጉን እስከ ቀለበቱ ይመልሰዋል፤ ዘንጉን ማስረዘም የፔዳሉን ከፍታ ብቻ ይቀይራል። ፔዳሉን ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ የእግር ማስቀመጫው ወይም የተጣመመ የመብራት ማብሪያ፣ እስካላገደው ድረስ ችግር የለም። በሁለተኛው ግን ፔዳሉ የራሱ ማቆሚያ ብሎን አለው። እዚህ ዘንጉ ከረዘመ ፔዳሉ ማቆሚያው ላይ ያርፋል፣ ፒስተኑ ግን ገና አልተመለሰም። የዚህ ዓይነቱ ፔዳል ባዶ ጨዋታ ሊኖረው ግድ ነው፤ የሞተር አምራቹ ኬቲኤም ለብዙ ሞተሮቹ በፔዳሉ ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይላል። ቅደም ተከተሉም አለው፤ መጀመሪያ ከፍታው በማቆሚያው ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ጨዋታው በዘንጉ፣ በመጨረሻ የመብራት ማብሪያው። የተገላቢጦሽ ከተሠራ እያንዳንዱ የቀደመውን ያበላሻል።

ዘንጉ ልክ ሆኖ ፔዳሉ ራሱ ላይመለስ ይችላል። በግፊት ውሃ የታጠበ ሞተር የፔዳሉ መዞሪያ ግሪሱ ታጥቦ ይወጣል፣ ጭቃና አቧራ ይገባበታል። ሞላው ደካማ ሲሆን ፔዳሉ መሃል ላይ ይንጠለጠላል። ዘንጉን ከፔዳሉ አላቅቃችሁ ፔዳሉን በጣት ጫኑና ልቀቁ፤ ቢጣበቅ የዘይቱን መሥመር መፍታት ምን ያደርጋል? ፍቱት፣ ጥረጉት፣ ግሪስ ቀቡት።

መመለሻ ቀዳዳው ራሱ ተዘግቶም ሊሆን ይችላል። አሮጌ ዘይት ያጠራቀመው ነጭ ደለል ወይም የጨርቅ ክር ይበቃዋል። ዘይት መያዣው ማስተሩ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ክዳኑን ክፈቱና ፔዳሉን በጣም ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፤ በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሚሊሜትር ላይ ትንሽ ፏፏቴ ብቅ ካለ ቀዳዳው ክፍት ነው። ዓይናችሁን ግን አርቁ። መያዣው በጎማ ቱቦ የራቀ ከሆነ ፏፏቴ አይታይም፣ የዘይቱ ገጽ ሲንቀጠቀጥ ግን ይታያል። የተዘጋ ቀዳዳ በመርፌ ወይም በቁፋሮ አይነካም፤ ጠርዙ ከተጫረ ጎሚኒውን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተነጠለ አንድ የመዳብ ክር፣ ወይም ከጊታር ክሮች የመጨረሻው ቀጭን ይበቃል።

እነዚህን ሁሉ በግምት ከመፈታታት የሚያድን አንድ ሙከራ አለ፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሱ፣ ማርሹን ባዶ አድርጉ፣ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑና ልቀቁ። ጎማው በእጅ ካልዞረ የካሊፐሩን ማስወጫ ቪቴ ለቅጽበት ክፈቱ። ጥቂት ዘይት ፈንጠር ብሎ ጎማው ወዲያው ከተፈታ፣ መሥመሩ ውስጥ የታሰረ ግፊት ነበር፤ ችግሩ ከካሊፐሩ በላይ ነው። ቪቴው ተከፍቶም ጎማው እንደተያዘ ከሆነ ዘይቱ ነጻ ነው፤ የያዘው ፒስተኑ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች፣ ወይም የካሊፐሩ አቀማመጥ ነው። ግፊት ከሆነ ደግሞ ቪቴውን ዝጉ፣ እንደገና ጫኑና ልቀቁ፣ አሁን ባንጆ ብሎኑን ከማስተሩ በኩል ላላ አድርጉት። ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ ማስተሩ ወይም ገፊው ዘንግ ነው። ካልተፈታ ግን ግፊቱ የታሰረው ቱቦው ውስጥ ነው፤ ያረጀ የጎማ ቱቦ ውስጡ አብጦ እንደ አንድ አቅጣጫ በር ይሆናል፣ ዘይት በጉልበት ይሄዳል፣ በራሱ አይመለስም። በአምስት ደቂቃ ማስተሩን ከነዘንጉ፣ ቱቦውንና ካሊፐሩን ለያችሁ።

ከካሊፐሩ በኩል ከሆነ የፒስተኑን ጎሚኒ አስቡ። ይህ ጎሚኒ ዘይት ከመያዝ ሌላ ሥራ አለው፤ ፒስተኑ ሲወጣ አብሮ ይጎብጣል፣ ግፊቱ ሲጠፋ ቀና ሲል ፒስተኑን በጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ይመልሰዋል። ሸራውን ከዲስኩ የሚያላቅቅ ሌላ ሞላ የለም። ከጎሚኒው ጀርባ፣ በገባበት ቦይ ውስጥ ነጭ ጠጣር ደለል ከተጋገረ ጎሚኒው ወደ ፒስተኑ ተገፍቶ አንቆ ይይዘዋል። አዲስ ሸራ ሲገጠም ችግሩ የሚገለጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፒስተኑ ለወራት ውጭ የነበረ፣ ጭቃ የለበሰ ገላውን ይዞ ወደ ውስጥ ተገፍቷል። ስለዚህ ፒስተን ከመገፋቱ በፊት ይጠረጋል። ጎሚኒው ሲወጣ ቦዩ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጫፍ ይፋቅ፣ ካቻቪቴ አይግባበት። ሲገጠም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ይራስ።

መንሸራተቻ ፒኖቹ የሚፈልጉት ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ነው። ተራውን የኩሺኔታ ግሪስ የቀባ ሰው የፒኖቹን ጎማ ያሳብጠዋል፣ ከወር በኋላ ካሊፐሩ አይንሸራተትም። መጠኑም ስስ ይሁን፤ ቀዳዳው በግሪስ ከሞላ ታምቆ የቀረው አየር ካሊፐሩን እንደ ሞላ ይገፋዋል። አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው አዲስ የሆነበት ሞተር ካያችሁ ፒኖቹ ደርቀዋል ማለት ነው።

ጎማ ተፈቶ ሲገጠም የሚሠሩ ስህተቶችን ፈጠን ብለን እንያቸው። የካሊፐሩ መያዣ ላይ ያለው ቦይ በክንዱ ላይ ካለው ጉብታ ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ የፍሬኑን ጉልበት የሚቋቋም ነገር የለምና ካሊፐሩ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ቱቦውን ይበጥሳል። የግራና የቀኝ መለያያዎች ከተቀያየሩ ዲስኩ ወደ አንድ ጎን ይጠጋል። ካቴናው ሲስተካከል ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልተሳቡ ዲስኩ ካሊፐሩ ውስጥ ሰያፍ ይገባል። ከሁሉ በላይ፣ ጎማ ሲገባ ሸራዎቹ ወደ ኋላ ይገፋሉ። 34 ሚሊሜትር ያለው ፒስተን 3 ሚሊሜትር ቢገፋ 2.7 ሚሊሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ ማስተሩ በአንድ ምት የሚልከው 1.27 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፔዳል ምቶች ባዶ ናቸው። እነዚያ ሁለት ምቶች ጋራዡ ውስጥ ይመቱ፤ አለበለዚያ አሽከርካሪው መንገድ ላይ ይመታቸዋል።

ጠንካራ ፔዳል ኖሮት የማይዝ ፍሬን ምክንያቱ ባብዛኛው ቅባት ነው። ካቴና ላይ የተረጨ ቅባት ዲስኩ ላይ ይደርሳል። ዲስኩን በአልኮል ወይም በፍሬን ማጽጃ ጥረጉ፤ ናፍጣ ራሱ ቅባት ስለሆነ አይሆንም። ቅባት የጠጣ ሸራ በእሳት ተቃጥሎ ይድናል የሚባለውን አትመኑ፤ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ሲሞቅ ግን ውስጥ የቀረው ቅባት መልሶ ይወጣል። ሸራው አዲስና ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ገና ከዲስኩ ጋር አልተላመደም ይሆናል፤ ከ40 ኪሎሜትር በሰዓት ወደ 10 እየቀነሳችሁ፣ በመሃሉ እያቀዘቀዛችሁ፣ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ለስለስ ባለ ጫና አላምዱት። ማስተሩ ከተቀየረም ቁጥሩን አስተያዩ፤ በ12.7 ቦታ 14 የተገጠመለት ፍሬን ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ለተመሳሳይ መያዝ ግን እግር ከሃያ በመቶ በላይ ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃል።

ቆሞ ሲሞከር ደህና ሆኖ፣ ኮረኮንች ላይ ከተሄደ በኋላ የመጀመሪያው ምት የሚጠፋ ፍሬን አየር የለበትም። ዲስኩ ተጣሟል ወይም የጎማው ኩሺኔታ ላልቷል፤ ዲስኩ ሲወዛወዝ ሸራዎቹን እየገፋ ያርቃቸዋል። ጎማ ሲፈታ ዲስኩን ወደ መሬት አድርጎ ማጋደም ከሚያጣምሙት ነገሮች አንዱ ነው። ክንዱ ላይ ሽቦ እሰሩና ጫፉን ወደ ዲስኩ አስጠጉ፣ ጎማውን አዙሩ፤ በብዙ መመሪያዎች የሚፈቀደው መወዛወዝ 0.3 ሚሊሜትር ነው። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረት ደግሞ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል።

ስለ ዘይቱ የቀረውን ልጨምር። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ሲጠጣ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል፤ ዶት 4 በ230 እና በ155፣ ዶት 5.1 በ260 እና በ180። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። ቁጥሮቹ ግን ለባሕር ጠለል የአየር ግፊት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች በ92 አካባቢ እንደሚፈላ ሁሉ የፍሬን ዘይትም በከፍታ ላይ ቀድሞ ይፈላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ እግሩን ከኋላ ፔዳል የማያነሳ አሽከርካሪ፣ ዘይቱ አሮጌ ከሆነ፣ ፔዳሉ ድንገት ባዶ ይሆንበታል፤ ዘይቱ ፈልቶ ተንኗል። ሞተሩን ዝቅ ባለ ማርሽ ያውርደው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ተሳስቶ የተጨመረበት መሥመር ደግሞ መታጠብ አያድነውም፤ ጎሚኒዎቹ ሁሉ አብጠዋል፣ ከማስተር እስከ ካሊፐር ይቀየራሉ፣ ቱቦውም ጭምር። ዘይት መያዣው ከላይኛው መሥመር አይለፍ፤ ከክዳኑ ሥር ያለው የጎማ እጥፋት ተመልሶ ይሰብሰብ።

ሞተሩን ከማስረከባችሁ በፊት አምስት ኪሎሜትር ያህል፣ በተቻለ መጠን የኋላውን ፍሬን ሳትነኩ፣ በፊቱ ብቻ እየቆማችሁ ንዱት። ቆማችሁ ዲስኩ ላይ የውሃ ጠብታ ጣሉ። ጠብታው ዝም ብሎ ከወረደ አስረክቡ። ጭስስ ካለ ጎማውን አንሱና ወደ ማስወጫ ቪቴው ተመለሱ።